ከዓይኔ ስር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017

ብርድ። ሜክሲኮ ፌርማታው ላይ ሰርቪሱን ሩብ ሰዓት ሙሉ ቆሜ ጠበቅኩ። ሹፌራችን ጋሽ መርጋ ሲደርሱ በሩን ከፍተው፣ "መድኃኒት፣ አልበረደሽም?" አሉኝ። ዘግይተው መጥተው ሁሌ እንዲህ ነው የሚሉት። ያዘገየኝ እሳቸው ሳይሆኑ ብርዱ ነው የሚመስለው።

የተለመደው ቦታዬ ተቀመጥኩ። ቦርሳዬን አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ አስቀምጣለሁ። "ሰው አለው?" የሚል የለም፤ ወንበሩ የማን እንደሆነ መኪናው ሙሉ ያውቃል።

ባምቢስ ላይ ታዲዎስ ገባ። ቦርሳዬን አነሳሁ፤ ተቀመጠ። ፊቴን አየት አደረገና...

"ደክሞሽ ነው?"

በየቀኑ! በየቀኑ እኮ ነው የሚለኝ! አንድ ቀን እንኳ "ዛሬ አምሮብሻል" ብሎ ቢሳሳት ምን አለበት?

"ኧረ፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም ነው" አልኩት፤ ሁሌ እንደምለው። "በምን ምክንያት?" አለ። ከዚያ ወሬያችን ቀጠለ... የልጄ የጦቢያ ፈተና፣ የእህቱ ስኳር፣ ጋሽ መርጋ የሚከፍቱት የሬዲዮ ክርክር። መገናኛ መቼ እንደደረስን አላወቅኩም። እሱ ንብረት ክፍል ነው፤ መጋዘኑ ጋ ይወርዳል። እኔ ዋናው መሥሪያ ቤት ድረስ እቀጥላለሁ። ሰርቪስ ላይ ካልሆነ አንገናኝም።

ሊወርድ ሲል እንደ ዋዛ፣ "ቁልፍ ሊሰጡን ነው መሰለኝ" አለ። የካዛንቺሱ ቤት ከፈረሰ ጀምሮ ባምቢስ እህቱ ጋ ነው ያለው፤ ድሮም የሚሳፈረው ከባምቢስ ነበር። ምትክ ቤት የደረሰው ቱሉ ዲምቱ ነው። "ያኔ እንግዲህ መስመር እቀይራለሁ።"

"እንኳን ደስ አለህ" አልኩት። አፌ ነው ያለው። እኔ አይደለሁም።

ቢሮ ስገባ ቀጥታ መጸዳጃ ቤት ሄጄ መስታወት አየሁ። ከዓይኔ ስር ጥቁር ብሏል። ጥላሸት ተቀብቼ ያደርኩ ነው የምመስለው። አርባ አምስት ዓመቴ ነው፤ ስልሳ የሚለኝ ቢመጣ አልፈርድበትም። ሰውየው ሊሄድ ነው... የሚያስታውሰኝም በዚህ ፊት ሊሆን ነው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ማታ ጦቢያ መስታወት ፊት ቆሜ ያዘችኝ። "እማ፣ ካርቦክሲ ለምን አትሠሪም?"

"ምንድን ነው እሱ ደግሞ?"

"ጋዝ ነው። ማለቴ... በቀጭን መርፌ ከዓይንሽ ስር ይነፋል፤ በቃ፣ ጥቁረቱ ይለቃል። ጓደኞቼ ለሸንተረርም ያሠሩታል።"

"ጎማ ነኝ እንዴ የምነፋው?"

ሳቀች። ስልኳ ላይ አንዲት ሴትዮ ስትወጋ አሳየችኝ፤ ከዓይኗ ስር ጉብ ብሎ ወዲያው ሲጠፋ ይታያል። ዘገነነኝ። ግን እስከ መጨረሻው አየሁት። ሁለት ጊዜ።

"ለማን ብለሽ ነው ግን?" አለችኝ ዓይኗን እያጠበበች።

"ለማንም። ለራሴ።"

"እሺ..."

ያቺ እሺዋ! ሃያ ዓመቷ ነው፤ እንደ አማት ነው የምትሰልለኝ። አባቷ አጽብሃ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ስለ ሌላ ወንድ አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። ምን ብዬስ አወራለሁ? "በሰርቪስ አብሮኝ የሚሄድ ሰው አለ፣ ሲወርድ ይጨንቀኛል" ልበላት?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ሄድኩ። ጉድ ነው፣ ሄድኩ!

ክሊኒኩ ካዛንቺስ ነው፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ። ስሄድ መንገዱ ጠፋኝ። ተወልጄ ያደግኩበት ሰፈር ጠፋኝ! ጠጅ ቤቱ ነበር ብዬ የምታጠፍበት ቦታ ሰፊ አስፋልትና አበባ ሆኗል። የታዲዎስ ቤት የነበረበትን ገመትኩ... በቆርቆሮ ታጥሯል። በቀዳዳ አየሁ፤ ቀይ አፈርና አንድ ትልቅ ማሽን ብቻ። አንድ ጊዜ ግቢያችን ውስጥ የኮክ ዛፍ አለ ብሎኝ ነበር። በፌስታል አምጥቶልኝም ያውቃል። ሠላሳ ዓመት የኖረበትን ቤት ሲያፈርሱ ቆሞ አየ፤ በማግስቱ ሰርቪስ ላይ እኔን "ደክሞሽ ነው?" አለኝ። እኔ ግን "አንተስ?" አላልኩትም።

ዶክተር ልዩ ወጣት ናት፣ ጦቢያን በአሥር ዓመት ብትበልጣት ነው። በአምፖል ዓይኔን አየች፤ ቆዳውን በጣቷ ሳብ አደረገች።

"እናትዎም እንዲህ ነበሩ?"

"አዎ። አያቴም።"

"እንግዲህ እውነቱን ልንገርዎት። በዘር የመጣ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ይቀንሳል ግን። አንዳንዱ ሰው ላይ በደንብ፣ አንዳንዱ ላይ በመጠኑ።" ስድስት ጊዜ፣ በሳምንት በሳምንቱ አለችኝ። የልብ፣ የሳንባ፣ የእርግዝና ጥያቄ ጠየቀችኝ። እርግዝና ስትል ሳቄ አመለጠኝ።

"ጋዙ ምን ዓይነት ነው? አይፈነዳም?"

"አምቦ ውሃ ውስጥ ያለው ነው" አለች፤ ይህን ጥያቄ የለመደችው ትመስላለች። ጋዙ ሲገባ ሰውነት ደም ወደዚያ ይልካል፤ ቆዳው የሚታደሰው በዚያ ነው አለች።

ቁመቷ ጉልበቴ ድረስ የምትሆን ሲሊንደር፣ ቀጭን ቱቦ፣ ከዚያ ፀጉር የምታህል መርፌ። ስትገባ ብዙም አላመመኝም። ጋዙ ሲገባ ግን... ቆዳዬ ስር ጭርርር ብሎ ተሰራጨ፤ አምቦ ውሃ ሲከፈት የሚሰማውን ድምፅ ከውስጤ ሰማሁት። ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ይጨምቃል። አለቀስኩ። ከሕመሙ አይደለም። ዓይኔን ጨፍኜ ሳለሁ ሰው በሁለት እጁ ፊቴን ከነካው ስንት ጊዜው ነው ብዬ አሰብኩ።

"አመመዎት?"

"አይ።"

"ለምን አሁን ማሠራት ፈለጉ?" አለችኝ ጓንቷን እያወለቀች።

"አንድ ሰው ደክሞሽ ነው እያለ አስቸገረኝ።"

ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል። ጋዝ ጾም ያስገድፋል? ለንስሐ አባቴ ይህን ምን ብዬ እጠይቃለሁ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ባምቢስ። ገባ። አየኝ።

"ደክሞሽ ነው?"

በስመ አብ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ሁለተኛው። ስወጣ ካዛንቺስ ላይ ታዲዎስን የማገኘው መስሎኝ ዙሪያዬን ሳይ ቆየሁ። ምን ሊያደርግ ይመጣል? ቤቱ የለም። እኔም አሁን ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነኝ። ሁለታችንም ከዚህ ሰፈር ወጥተን በየት በኩል እንደምንገናኝ እንጃ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

ዶክተር ልዩ ነገና ከነገ ወዲያ ስለሌለች ሦስተኛውን ዛሬ ከሥራ ስወጣ ሠራችኝ። በግራ በኩል ትንሽ የደም ሥር ነካች መሰለኝ፤ ጠቆር ብሏል። "በሳምንት ይጠፋል፣ አይጨነቁ። በረዶ ያድርጉበት" አለች። በረዶ ፍሪጅ ውስጥ አልነበረም። የቀዘቀዘ ድንች አደረግኩበት። ጦቢያ ፎቶ አነሳችኝ፤ አሳሳቋን አልወደድኩትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 27

ስነሳ ዓይኔ አብጦ ተከድኗል፣ የግራው ወይን ጠጅ መስሏል። መቅረት አልችልም፣ ሪፖርት አለብኝ። ጥቁር መነጽር አደረግኩ። ብርድ ስለሆነ ጥቁር ሹራብ፣ በላዩም የጦቢያን ጥቁር ሻሽ።

ሰርቪሱ ውስጥ ስገባ ዝም አሉ። ጋሽ መርጋ ሬዲዮውን ዘጉት። ምን ሆነዋል?

ባምቢስ ላይ ታዲዎስ ገባ፣ ተቀመጠ፣ አየኝ። "ደክሞሽ ነው?" አላለም! ቀስ ብሎ "አይዞሽ" አለ። ከዚያ እስከ መገናኛ ዝም።

ቢሮ ውስጥም እንዲሁ። አለቃዬ "ሪፖርቱ ይደርሳል፣ ሂጂ ቤትሽ" አለ። እሱ! ለወሊድ ፈቃድ እንኳ ፊቱን የሚያጠቁር ሰው! አንዷ እጄን ጨብጣ ይዛኝ ቆየች። ሁሉም አውቀዋል ማለት ነው... ጋዝ እንደተወጋሁ። አፈርኩ። ግን "አይዞሽ" ምን ማለት ነው? እንዲህ ያዛዝናል ውጤቱ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

የዛሬውን እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። በር ተንኳኳ። ጦቢያ ከፈተች። እኔ ከጓዳ ብቅ አልኩ፣ ያው ያበጠ ዓይኔን ይዤ። በሩ ላይ ቀነኒሳ ቆሟል፤ የመሥሪያ ቤታችን የማኅበራዊ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፣ ሰርግ ይሁን ለቅሶ ያለ እሱ አይሆንም። ከኋላው ሰባት ስምንት ሰው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ታዲዎስ አንድ እሽግ አምቦ ውሃ ታቅፎ ከሁሉም ኋላ ቆሟል። አንድም ሰው አይናገርም።

በማለዳ፣ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው፣ ዝም ብሎ በር ላይ ከቆመ... ሌላ ምን ይባላል? መርዶ ነው። ወንድሜ ገብረዋህድ መቀሌ ነው፤ ሦስት ቀን ስደውል አላነሳም።

"ወንድሜን!" ብዬ ጮህኩ።

"አጎቴን!" አለች ጦቢያ።

ሴቶቹ ግር ብለው ገቡና ተቀበሉን። ምን ያህል አለቀስን? እኔ እንጃ፣ ጎረቤቶች በሙሉ ወጥተዋል። ደረቴን ስመታ ታዲዎስ ውሃውን መሬት ላይ ጥሎ ሁለቱን ትከሻዬን ያዘኝ። "አይዞሽ፣ አይዞሽ መዲ" አለኝ። መዲ! ስድስት ዓመት መድኃኒት ሲለኝ ኖሮ። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሐል ይህን ሰማሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ወንድሜ ሞቷል ብዬ እያለቀስኩ እጁን እንዳያነሳ ፈለግኩ።

ጦቢያ እየተንሰቀሰቀች ቀነኒሳን፣ "መቼ ነው የሞተው?" አለችው።

"እኔ ምኑን አውቄ፣ የኔ ልጅ? እናንተ እንጂ።"

"እኛ? እናንተ አይደላችሁ እንዴ ልትነግሩን የመጣችሁት?"

"እኛማ ለቅሶ ልንደርስ!"

"የማንን ለቅሶ?"

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ማን እንደሞተ አንዱም አያውቅም። ኀዘንተኛ ደግሞ "ማን ሞተብሽ?" ተብሎ አይጠየቅም፤ ይደረሳል፣ አብሮ ይለቀሳል፣ በመሐል ይሰማል። እኔ "ወንድሜን" ስል "ወንድሟ ነው ለካ" ተባብለዋል።

ጦቢያ ለአጎቷ ደወለች። ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው። አንድ ጊዜ... ሁለት ጊዜ...

"ከመይ ኣለኺ፣ ጓለይ?" የገብረዋህድ ድምፅ! አፉ ውስጥ ምግብ አለ። "ስልኬ ተበላሽቶ ዛሬ ነው ያሠራሁት። ምነው፣ ምን ሆናችሁ? የምን ጩኸት ነው?"

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። የኔ ወንድም! ቁርስ እየበላ ነው!

ቀነኒሳ ላቡን ጠረገ። "ታዲያ... ትናንት ዓይንሽ እንዲያ አብጦ፣ በጥቁር በጥቁር ለብሰሽ..."

"ጋዝ ተወግታ ነው" አለች ጦቢያ። "ለውበት።"

መጀመሪያ የሳቁት ጎረቤቴ ናቸው። ከዚያ ቀነኒሳ ግድግዳውን ይዞ ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ። "እኔ እኮ የኮሚቴያችንን ጸሐፊ ጉርሜሳን ከሐዋሳ ስብሰባ አስመልሼዋለሁ!" ይላል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እሽጉ ተፈትቶ አምቦ ውሃ ተቀዳ፣ ዳቦው ተቆረሰ። "ለሰላም ያድርግልን፣ የሞተም የለም፣ የተነፋ እንጂ!" ይላል ቀነኒሳ። እኔም ከማፈሬ ብዛት ሳቅኩ።

ታዲዎስ ብቻ አልሳቀም። ሲወጡ በሩ ላይ ቀረት አለ።

"ለምን?" አለኝ።

"ምኑ?"

"ዓይንሽ ምን ሆነና ትወጊዋለሽ?"

ማፈሬ፣ ድንጋጤዬ፣ ሁሉም ባንድ ላይ ወጣ። "አንተ አይደለህ እንዴ በየቀኑ ደክሞሽ ነው፣ ደክሞሽ ነው የምትለኝ! ስድስት ዓመት! አርጅተሻል ከማለት ምን ለየው?"

"እኔ?" አለ። ፊቱ ላይ ያየሁትን መቼም ልረሳው አልችልም። የሰው ዕቃ የሰበረ ሰው ነው የመሰለው። "ይቅርታ" አለና ወረደ።

ምን አናገረኝ?

ሰኞ፣ ኅዳር 30

በታክሲ ሄድኩ። ሜክሲኮ ሰልፉ ሁለት ጊዜ ይዞራል። ሰርቪሱ በአጠገቤ ሲያልፍ ዞሬ ቆምኩ። ቦታዬ ላይ ማን ተቀምጦ ይሆን? የሱንስ ማን ያዘለት?

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

አራተኛው። መቅረት ፈልጌ ነበር። ጦቢያ ናት ጎትታ የወሰደችኝ፣ "የጀመርሽውን ጨርሺ እንጂ፣ እማ" ብላ። የለቅሶውን ነገር ለዶክተር ልዩ ስትነግራት ልጅቷ መርፌዋን አስቀምጣ ሳቀች። ይቅርታ እየጠየቀች መልሳ ሳቀች።

ቁስሉ ጠፍቷል። ጥቁረቱም ሳሳ ብሏል። እውነቴን ነው፣ ያምራል። ደስ ሊለኝ ነበር እኮ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ዛሬ በሰርቪስ። ጋሽ መርጋ፣ "እንኳን ለዚህ አበቃሽ፣ ካለቀስሽው ለቅሶ!" አሉኝ፤ መኪናው ሙሉ ሳቀ። ይሁን።

ቦርሳዬን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩ። ባምቢስ ላይ ገባ። ቦርሳዬን አነሳሁ።

"እንደምን አደርሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?"

"ይመስገን።"

በቃ። እስከ መገናኛ በቃ። አፉን ከፈት ያደርግና መልሶ ይገጥማል። እኔም ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ያ ሁሉ ወሬያችን ከየት ነበር የሚመጣው?

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 18

ስድስተኛው ሳምንት ሊሆን ነው። ቢሮ ውስጥ ሴቶቹ አድራሻውን ይጠይቁኛል። "አሥር ዓመት ጣልሽ" ትላለች አንዷ። አለቃዬ ሳይቀር "ፈቃድ ወጥተሽ ነበር እንዴ?" አለኝ።

ታዲዎስ "እንደምን አደርሽ"። ከዚያ መስኮት። መስኮቱ ደግሞ በኔ በኩል ስለሆነ ወደ መስኮቱ ሲያይ ወደኔ ያየ ይመስለኛል፤ እዞራለሁ፣ እሱ ግን በእኔ አልፎ ውጪ ነው የሚያየው።

የወንበራችን ስፋት ሦስት ስንዝር አይሞላም። እንዲህ አጠገቤ ተቀምጦ ናፈቀኝ። አጠገብ ያለ ሰው ይናፍቃል?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 29

ገና። እኔና ጦቢያ ብቻ። ዶሮውን ሠራሁ፣ አሥራ ሁለቱንም ብልት አውጥቼ። ለማን? ልጄ ሁለት እንቁላል በልታ ከጓደኞቿ ጋር ወጣች። ስልኩን አነሳሁ፣ "እንኳን አደረሰህ" ብዬ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ።

አጽብሃ ሲሞት ሦስት ዓመት ጥቁር ለበስኩ፤ ሰው ሁሉ ኀዘኔን አየልኝ፣ መጣልኝ፣ አብሮኝ ተቀመጠ። ይሄኛውን ግን ምን ለብሼ ላሳይ? ሰው አልሞተብኝም። ሊሄድብኝ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 12

"ቁልፍ ተሰጠን" አለ ታዲዎስ። ዛሬ የተናገረው ይህንኑ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ይገባል። ከየካቲት ጀምሮ የቱሉ ዲምቱ መስመር ላይ ነው፤ ቀነኒሳ ስሙን አስተላልፎለታል።

"ስንተኛ ፎቅ?"

"አራተኛ።"

"ውሃ ይወጣል?"

"አንዳንዴ ነው አሉ።"

ይህን ነው ያወራነው። ስድስት ዓመት አብረን ሄደን ስለ ውሃ!

እሑድ፣ ጥር 25

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁም ሣጥን ሳጸዳ የድሮ ማስታወሻ ደብተሮቼን አገኘሁ። የ2011ዱን ገለጥኩ። ኅዳር ላይ እንዲህ የሚል አለ፣ በራሴ እጅ፦

"ዛሬ ከባምቢስ አንድ ዝምተኛ ሰውዬ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ንብረት ክፍል ነው አሉ። ብዙ ቆይቶ 'ደክሞሽ ነው?' አለኝ። አጽብሃ ካረፈ ወዲህ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሰው ሁሉ በርቺ ነው የሚለኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም አልኩት። እስከ መገናኛ አወራን። ነገ ቦታ እይዝለት ይሆን?"

ከሣጥኑ ፊት መሬት ላይ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ነኝ የጻፍኩት? መቼ ነው ስድብ ያደረግኩት? ገጹን ገለጥኩ፣ ገለጥኩ... ሁሉም ቀን ላይ አለ። ደክሞሽ ነው፣ ከዚያ ወሬ። ደክሞሽ ነው፣ ከዚያ ሳቅ። ሌላ መግቢያ አያውቅም ሰውየው። ያችኑ አንዷን በር ነው እኔ ጮኼ የዘጋሁበት።

ደደብ። እኔን ነው።

ዓርብ፣ ጥር 30

የመጨረሻው ቀን። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። ዓይኔ ግን ንጹሕ ነው፤ ጠዋት መስታወት ውስጥ ደህና የተኛች ሴትዮ ነች የምታየኝ። የፈለግሽውን አገኘሽ አልኳት።

ባምቢስ። ገባ። እግዜር ያሳያችሁ... እሱ ነው የጠቆረው! ዕቃ ሲያሽግ፣ ሲያወርድ፣ ሲያወጣ ሰንብቶ ከዓይኑ ስር የድሮዋን እኔን መስሏል። ሹራቡ ላይ የካርቶን ብናኝ አለ።

"እንደምን አደርሽ?"

አልመለስኩለትም። ፊቱን አየሁት፤ በደንብ፣ ሰው ምን ይለኛል ሳልል። ከኋላችን ቀነኒሳ ጆሮውን እንዳቆመ አውቃለሁ።

"ደክሞህ ነው?" አልኩት።

ዞሮ አየኝ። አገጩ ተንቀጠቀጠ መሰለኝ፣ ወይ መኪናው ነው።

"እንቅልፍ አልወሰደኝም" አለ።

"በምን ምክንያት?"

"እንጃ... እዚያኛው ሰርቪስ ላይ ቦታ የሚይዝልኝ ሰው የለም።"

እሱ ቀጠለ፤ አንዴ ከተከፈተለት ማን ያቆመዋል! የኮክ ዛፉን ነገር ነገረኝ። ከመፍረሱ በፊት ፍሬውን ለቅሞ በጣሳ ተክሎት ኖሯል፤ አንዱ በቅሏል፣ ትናንት በእጁ ታቅፎ አራተኛ ፎቅ አውጥቶታል። "በረንዳ ላይ ያድግ ይሆን?" አለኝ። "ያድጋል" አልኩት። ስለ ዛፍ ምን አውቃለሁ?

"ያንን ነገር... ዓይንሽን ማለቴ... እኔ ክፉ ነገር ፈልጌ አልነበረም።"

"አውቃለሁ። አሁን አውቃለሁ።"

መገናኛ ደረስን። ጋሽ መርጋ በሩን ከፍተው ቆሙ። ማንም ቶሎ በል አላለውም። ወረደ። በመስኮቱ ስር ቆሞ እጁን አነሳ። መኪናው ሲታጠፍ አንገቴን አዙሬ እስኪጠፋ አየሁት። የዛሬው ለቅሶዬ እውነተኛ ነው፤ ቀነኒሳ ከኋላ መሐረብ አቀበለኝ፣ አልሳቀም።

ሰኞ፣ የካቲት 3

ነነዌ ገባ። ብርዱ ቀለል ብሏል። ጋሽ መርጋ በሰዓቱ መጡ፣ ተአምር ነው።

ቦርሳዬን አጠገቤ አስቀመጥኩ። እጄ ነው የለመደው። ከዚያ አየሁትና ላነሳው አልኩ... ተውኩት። ስታዲየም ላይ የገባች አዲስ ልጅ፣ "ሰው አለው?" አለችኝ። በስድስት ዓመት የመጀመሪያዋ መሆኗ ነው።

"አለው" አልኩ።

ጋሽ መርጋ በመስታወታቸው አዩኝ።

ባምቢስ ደረስን። በሩ ተከፈተ፣ ሁለት ሰው ገባ፣ ተዘጋ። ስልኬ ጮኸ። ሰዓቱን አውቆ ነው... ጋሽ መርጋ ባምቢስ የሚደርሱበትን ደቂቃ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከኋላው የሌላ መኪና ሞተር፣ የሌላ ሬዲዮ ይሰማል።

"ሃሎ?"

መተንፈሱን ሰማሁ።

"ደክሞሽ ነው?" አለኝ።

በስልክ! ቱሉ ዲምቱ ሆኖ! ዓይኔን የት አይቶት?

ቦርሳዬ ላይ እጄን አሳረፍኩ። ደህና ተኝቼ ነበር ያደርኩት፣ እግዚአብሔር ያውቃል።

"እንቅልፍ አልወሰደኝም" አልኩት።

"በምን ምክንያት?" አለ።

እስከ መገናኛ አወራን።